ቆማ የማታውቀዋ መኪና

የጥርስ ሐኪሙ እሁድ ጠዋት መኪናውን ሲያስነሳ እንደ ሌባ ግራ ቀኙን ያያል። መኪናዋ የራሱ ናት። ሌባ ያስመሰለው ከኮፈኑ ስር ያለው ነገር ነው። ዝቅ ያለች፣ ቀይ፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ከፊት ለፊት ስትታይ ጠብ የምትፈልግ የምትመስል መኪና ናት፤ ተወልዳ ያደገችበት ሞተር ግን ከዓመታት በፊት አርፏል። ጋራዥ ያለው የአክስቱ ልጅ በምትኩ የዳቦ ማመላለሻ መኪና ሞተር ገጠመላት። ድምፅ እንዲወጣት ብሎም የጭስ ማውጫ ማርሚታዋን እዚህም እዚያም በሳሳላትና፣ «እንግዲህ ሩጫ ከእሷ አትጠብቅ፤ በጩኸት ግን የሚደርስባት የለም» ብሎ ቁልፉን አስረከበው።

ይህን ጉድ ከሁለቱ ሌላ የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ናት። ሚስቱ መኪናዋን «ጫማህ» ነው የምትላት፤ እግሩን አስቀድሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እያቃሰተ ስለሚገባባት።

«ዛሬም ጫማህን ልታጠልቅ ነው?»

«ስብሰባ አለን አልኩሽ እኮ።»

«መኪና አቁሞ መኪና ማየት ስብሰባ ከሆነ፣ የኛ ሰፈር ዘበኛ ሲሰበሰብ ነው የሚውለው።»

እንዴት አድርጎ ያስረዳት? በክሊኒኩ ሰው እሱን ሲያይ አፉን ይዘጋል። አማቱ ዘንድ ሲሄድ «ያ ጥርስ ነቃይ መጣ» ይባላል። ማኅበሩ ግቢ ሲገባ ግን ሰው መንገድ ይለቅለታል። በዚያ ላይ ለዘንድሮው የዳገት ጉዞ መሪ ሆኖ የተመረጠው እሱ ነው። ከፊቱ ማንም ሳይኖር፣ ሌሎቹ ሁሉ ከኋላው ተሰልፈው ተራራውን ይወጣል። ይህን ቀን ሲጠብቅ ፀጉሩ ሸሽቷል።

ማኅበሩ «የእውነተኛ የስፖርት መኪና ባለቤቶች ማኅበር» ይባላል። የሚሰበሰበው ከተዘጋ የሶፋ ፋብሪካ ጓሮ ነው። መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ ከደንቡ በላይ የሚከበረው ግን ያልተጻፈው ነው፦ የሰው ኮፈን አይከፈትም። ቀለም ይደነቃል፣ ጎማ ይዳሰሳል፣ ወንበር ይመረቃል። «እስቲ ሞተሯን ልያት» ማለት ግን «እስቲ ሚስትህ የምትደብቅህን ልንገርህ» እንደማለት ነው።

ሊቀመንበሩን ሁሉም «ጄኔራል» ይሉታል። ዕድሜውን ሙሉ የመታጠቢያ ቤት ሸክላ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው፤ ማዕረጉን ያገኘው እጁን ወደኋላ አጣምሮ በመቆም ብቻ ነው። ያን ቀን አንዲት አዲስ አመልካች ይዞ ጠበቃቸው። የእንስሳት ሐኪም ናት። መኪናዋ ግራጫ፣ የኋላ ወንበር ያላት፣ ወንበሯ ላይ የሕፃን መቀመጫ የታሰረባት፣ መቀመጫው ላይ ደግሞ የውሻ ፀጉር የተነጠፈባት ናት።

የማኅበሩ ጸሐፊ የሆነው ጠበቃ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ አያት። «እህቴ፣ ይቺ እንኳን የስፖርት መኪና አትመስልም።»

«ይሆናል» አለች የእንስሳት ሐኪሟ፣ ምንም ሳይከፋት። «ግን እናንተ የስፖርት መኪና የምትሉት ምንድን ነው?»

በማኅበሩ ታሪክ ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሁሉም የሌላውን ፊት ያያል።

«ፍጥነት ነዋ» አለ አንዱ። ጄኔራል ሳል ያዘው። «ሁለት ወንበር» ሲባል ጠበቃው የራሱ መኪና ከኋላ ያላትን ቀጭን አግዳሚ ወንበር በጀርባው ከለላት። «ዋጋ» ሲባል ሁሉም ጫማውን ተመለከተ። በመጨረሻ ጄኔራል እጁን አጣመረ።

«ስሙኝ። የስፖርት መኪና ለጥቅም አልተሠራችም። ለጥቅም ያልተሠራ ነገር ደግሞ ያኮርፋል። እውነተኛዋ የስፖርት መኪና ባለቤቷን መንገድ ላይ ጥላ ታዋርዳለች። ጠርታችኋት ሁልጊዜ አቤት የምትል መኪና አሽከር እንጂ ስፖርት አይደለችም።»

ጭብጨባው ቀለጠ። ወዲያው ሁሉም ውርደቱን ማውራት ጀመረ። ጠበቃው ችሎት ሊቆም ሲሄድ ድልድይ ላይ ጥላው፣ ካባውን ለብሶ ሲገፋ ፎቶ ተነስቷል። ጄኔራልን በእህቱ ልጅ ሠርግ ቀን ሙሽሮቹ ራሳቸው ወርደው ገፍተውታል። በየታሪኩ መሃል «ወይኔ!» «ምን ዓይነት መኪና ናት!» ይባላል።

የእንስሳት ሐኪሟ ወደ ጥርስ ሐኪሙ ዞር አለች። «የእርስዎስ ዶክተር? የት ነው የቆመችብዎ?»

የዳቦ ሞተር ነዋ! ዝናብ ሆነ ብርድ፣ ቁልፍ በነካ ቁጥር ትነሳለች። አንድም ቀን ቆማበት አታውቅም፤ እስከዚያች ደቂቃም በዚህ ሲደሰት ኖሯል።

«እኔ... እንግዲህ... ቆማ...»

«ቆይ እስቲ» አለ ጠበቃው ጣቱን አንስቶ። «እውነትም እኮ! ይቺ መኪና ስትገፋ አይቼ አላውቅም።»

«ጎረቤቴ ጋ ቆማለች» አለ ሐኪሙ።

«ማነው ጎረቤትህ?»

«ቀይሯል። ሰፈር ቀይሯል።»

በመንገዱ ሁሉ ሲያሰላስል ቤቱ ገባ። ይህቺን ሴት ማነው የላካት? የአክስቱ ልጅ ውሻ አለው፤ ውሻው ደግሞ በቅርቡ ታሞ ነበር። ውሻ ይዞ የሄደ ሰው ወረፋ ሲጠብቅ ምን አይቀባጥርም? ወይስ ሚስቱ ናት? ማታ እራት ላይ ሲያያት ሳቀች።

«ምን ያስቅሻል?»

«አፍህ ውስጥ ያለውን ጉረስ እንጂ ሰውዬ፣ ምን ሆነሃል?»

የሚያስቃትን ነገር ሳያውቅ አደረ። ጠዋት ሲነሳ ግን ውሳኔው ተቆርጧል፦ በዳገቱ ጉዞ መኪናዋ ትቆማለች። ወዳም ባይሆን በግድ።

የጉዞው ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ። ሐኪሙ ከፊት ሆኖ ሲወጣ የጠበቀውን ያህል ደስ አላለውም፤ ዓይኑ ከመንገዱ ይልቅ ከኋላ ማሳያው መስታወት ላይ ነበር። ጠበቃው ገና ከእኩሌታው ሳይደርስ «ፍሪሲዮኔ ተቃጠለ!» ብሎ በደስታ ጮኸ፤ ጎትተው ሲያወጡት እንደ ሙሽራ እጁን በመስኮት ያወዛውዝ ነበር። በአዲስ አባልነት የተሰለፈችው የእንስሳት ሐኪም መኪናም ጫፉ ላይ ውሃ አፍልታ በእንፋሎት ተሸፈነች። የጄኔራል መኪና ገና ከመቆሟ ጸጥ አለች፤ እሱም «አልኳችሁ! አልኳችሁ!» አለ። ሐኪሙ ተራው እንደደረሰ ገባው። ሞተሩን በቀስታ አጠፋ፣ ወረደ፣ ጎማዋን በእርግጫ አላት።

«የማስነሻ ሞተሪኖው ሞተ» አለ፣ ሀዘን የደረሰበት ሰው መስሎ።

ጄኔራል አቀፈው። «እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ! እውነቱን ልንገርህ፣ ጠርጥሬህ ነበር።»

«እኔን?»

«እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ሁላችንም ጠርጥረንህ ነበር።»

ሳንድዊች ተበላ፣ ፎቶ ተነሳ። ጄኔራል ስለ መኪና ክብር ንግግር ጀምሮ «እኛ እኮ...» እንዳለ አንገቱን በጥፊ መታ። ተርብ ነድፋው ነበር። መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ ከንፈሩ አበጠ፤ ከዚያ ዓይኑ፤ ከዚያ ፊቱ በሙሉ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። ትንፋሹ ማፏጨት ጀመረ።

የእንስሳት ሐኪሟ ጎንበስ ብላ ጉሮሮውን ነካችው። አሁን ቀልድ የለም። «መርፌ ያስፈልገዋል። አሁኑኑ! እኔ ጋ ያለው የፈረስ መድኃኒት ብቻ ነው። ስልክ የሚሠራለት አለ?»

የሚሠራለት አልነበረም። ሁሉም መኪኖቹን አየ። መኪኖቹም፣ እንደ ክብራቸው፣ ዝም አሉ። ጠበቃው ኪሱን ይዳብሳል፤ ምን እንደሚፈልግ አይታወቅም። ሐኪሙ የጄኔራልን ፉጨት ሰማ። ቁልፉን ካዞረ መሪነቱም፣ መንገድ የሚለቁለት ሰዎችም፣ እሁዶቹም አበቁ። ሌላ ፉጨት ሰማ፤ ይኼኛው ቀጠን ብሏል።

«አምጡት!» አለ። «እዚህ አስቀምጡት!»

ገና ቁልፉን ከመንካቱ ተነሳች። የቁልፍ ድምፅ እንኳ በቅጡ አልተሰማም፤ እንዲሁ አቤት አለች። ጠበቃው የጄኔራልን እግር እንዳቀፈ ቀና ብሎ ሐኪሙን አየው። ሐኪሙ በሩን ዘግቶ ቁልቁል ተወረወረ።

በመንገድ ላይ ጄኔራል አልተናገረም፤ መናገሪያም የለውም። በተረፈችው አንድ ዓይኑ ግን ዳሽቦርዱን፣ ከዚያ ሐኪሙን፣ ከዚያ እንደገና ዳሽቦርዱን ያያል። ጆሮውን እንደቀሰረ ያስታውቃል። ሐኪሙ ከነዳጁ ይልቅ ያ ዓይን ሲያቃጥለው ሆስፒታል ደረሱ።

መርፌው በጊዜ ደረሰ። ጄኔራል ግሉኮስ ተሰክቶለት ጋደም ብሎ፣ ፊቱ ቀስ በቀስ ወደ ቦታው እየተመለሰ ሳለ፣ ጠበቃውና የእንስሳት ሐኪሟ እያለከለኩ ገቡ።

«ተረፈ» አለ የጥርስ ሐኪሙ።

«ተመስገን!» ጠበቃው ላቡን ጠረገ፤ ከዚያ ችሎት የቆመ ይመስል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን ዶክተር፣ ሞተሪኖው ሞቷል ብለኸን አልነበር?»

«አንተስ በምን መጣህ? ፍሪሲዮንህ ተቃጥሎ የለ?»

«ቁልቁለቱ ነዋ ያመጣን። እየተንከባለልን።»

ሐኪሙ በመስኮት አየ። የጠበቃው መኪና ከበሩ ተገትራለች። ወደ ሆስፒታሉ በር የሚያስገባው መንገድ ደግሞ ዳገት ነው፤ ሰው በእግሩ ሲወጣው እንኳ ያርፋል። የእንስሳት ሐኪሟን አያት፤ እሷ ጣሪያውን ታያለች። ድካም ተሰማው። ይህን ሁሉ ጊዜ ሌላውን ሲጠረጥር፣ ሲጠረጠር፣ ጎረቤት ሲፈጥርና ሰፈር ሲያስቀይር...

«እሺ፣ ስሙኝ» አለ። «ምንም አልሞተም። የዳቦ ማመላለሻ ሞተር ነው ያላት። ኑ፣ ኮፈኑን ከፍቼ ላሳያችሁ። ከዚያ ከማኅበሩ አስወጡኝ።»

ሐኪሙ ቁጣ ጠበቀ፤ ፌዝ ጠበቀ። የጠበቃው ፊት ላይ ያየው ግን ፍርሃት ነበር። ጠበቃው ወደ አልጋው ጎንበስ ብሎ አንሾካሾከ፤ የጠበቃ ሹክሹክታ ደግሞ ኮሪደር ድረስ ይሰማል።

«ጄኔራል፣ ይሄ ሰውዬ ተንኮለኛ ነው። ዛሬ የራሱን ይከፍትና ነገ ‹እናንተስ?› ሊለን ነው።»

የጄኔራል አንድ ዓይን ፈጠጠች። ግሉኮስ ያልተሰካበትን እጁን አነሳ። «ስብሰባ ነው» አለ፣ ባበጠ ከንፈሩ። «የዶክተር መኪና እውነተኛ የስፖርት መኪና ናት። የሚደግፍ?»

የጠበቃው እጅ ወጣ። የእንስሳት ሐኪሟ ትንሽ አመነታችና አወጣች።

«እኔ እቃወማለሁ!» አለ ሐኪሙ። «የዳቦ ሞተር ነው እያልኳችሁ!»

«ባለጉዳይ ድምፅ አይሰጥም» አለ ጠበቃው። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። እንዲያውም መሪነቱ ለሚመጣው ዓመትም ይጽናለት።»

«ይጽናለት» አለ ጄኔራል፣ ዓይኑን ጨፍኖ።

ጄኔራል እንዲሄድ ሲፈቀድለት ሐኪሙ ቁልፉን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። «ቤትዎ ላድርስዎ።»

«አይ፣ አይ፣ ታክሲ ጠርቻለሁ» አለ ጄኔራል፣ ዓይኑን ከቁልፉ ሳያነሳ። ልክ ቁልፉ የሚናደፍ ይመስል ራቅ ብሎ አለፈ።

ጠበቃው እየሮጠ መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን ቆለፈ፤ ማንም ሳይገፋውም ሄደ። የቀረችው የእንስሳት ሐኪሟ ናት። መኪናዋ ተራራው ላይ ቀርታለች፤ መንገዱ ሩቅ ነው።

«ግቢ እንጂ፣ እዚያው ላድርስሽ» አላት። «አንድ ወንበር አለ።»

ወንበሩን አየችው። ከዚያ ኮፈኑን፣ ከዚያ እሱን አየች፤ ፈገግታዋ እንደ ድሮ አባላት ጠበብ ያለ ነበር።

«አመሰግናለሁ ዶክተር። ትንሽ ወክ ባደርግ ይሻለኛል።»

የዳገቱ ጉዞ መሪ ጎንበስ ብሎ፣ እግሩን አስቀድሞ፣ ብቻውን ገባ። በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ የነበሩት ሁሉ መንገድ ለቀቁለት።