የሰማይ አቧራና የሰይዳ ፋኖስ

አገኘሽን ምላሷ ጤፍ ይቆላል ይሏታል፤ ሐሜት አይደለም፣ እውነት ነው። ባሏን አለነን ገና በሠርጋቸው ሰሞን፣ ዝም ያልከው ጥርስህን አሞህ ነው ወይስ ተጸጽተህ ብላ የጠየቀች ሴት ናት። እሱ ግን ይወዳታል። ስትናገረው ደስ ስለሚለው ሆን ብሎ ነገር ይፈልጋት ነበር።

ጥልያን መተማን ሳይዝ በፊት አለነ ድንበሩን እየተሻገረ፣ ማዶ ሱዳን ገላባት፣ መሬት ለሚለካ አንድ እንግሊዝ ድንኳን ይሸከም ነበር። የቆላው ሙቀት ቤት አላስቀምጥ ሲል ባልና ሚስቱ የጠፍር አልጋቸውን ደጅ ያወጡና በጀርባቸው ተንጋለው ሰማይ ያያሉ። አንድ ምሽት አለነ፣ ሰማዩን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጠውን ነጭ ጎዳና እያሳያት፣ መሀሉ ላይ የተጋደመው ጥቁር ነገር ባዶ እንዳይመስላት ነገራት። እንግሊዙ በአስተርጓሚ እንዳወራው ከሆነ ጥቁሩ የሰማይ አቧራ ነው። ከኋላው ኮከብ ሞልቷል፤ አቧራው ግን ብርሃኑን ያደክመዋል፣ ሾልኮ የሚያልፈውንም ቀይ ያደርገዋል። እዚያው አቧራ ሆድ ውስጥ ደግሞ አዲስ ኮከብ ይወለዳል።

"ሰማዩን ማን ጠርጎት ነው አቧራው የተነሣ?" አለችው አገኘሽ።

አለነም፣ እንግሊዙን እጠይቅልሻለሁ እንዳለ ጥልያን መጣ፤ እሱም ጠመንጃውን አንግቶ ከአርበኞች ጋር አርማጭሆ ቆላ ገባ። አልፎ አልፎ በሌሊት ሾልኮ ሲመጣ፣ "ጠራጊውን አገኘኸው?" ትለዋለች፤ ይሳሳቃሉ። በሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት እንዲሁ መጥቶ ሄደ። ከሄደ በኋላ ወንድ ልጅ ተወለደ፤ አባት ልጁን አላየም።

በሠላሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ግንቦት ላይ ወሬ ደረሳት። አለነ ጥይት ሊቀበል ገላባት ገብቷል፤ ጎሕ ሲቀድ ወደ በረሃ ይመለሳል። ከበረሃ ከሚመለሰው የማይመለሰው በሚበዛበት በዚያ ዘመን፣ ዛሬ ልጁን ካላየ መቼም ላያየው ይችላል። ወሬውን የላከችው ሰይዳ ናት፤ ማዶ ሱቅ ያላት እስላም ነጋዴ፣ የአገኘሽ የልብ ወዳጅ። በመካከላቸው የቆየ ምልክት አላቸው። መሸት ሲል ሰይዳ ሱቋ ደጃፍ ላይ ፋኖስ ትሰቅላለች። ፋኖሱ እንዲሁ ነጭ ከሆነ መንገዱ ሰላም ነው፤ ቀይ ጨርቅ ከጠመጠመችበት ጆሮ ጠቢ አለ፣ አትምጡ ማለት ነው።

አገኘሽ ሕፃኑን አዘለች፣ የባሏ እናት እመት ታይቱ እንስራ ያዙ። ማምሻውን ሴቱ ሁሉ ድንበሩ ላይ ወዳለው ደረቅ ወንዝ አሸዋ ቆፍሮ ውሃ ሊቀዳ ስለሚወርድ ነገሬ የሚላቸው የለም። ወንዙ አፋፍ ሳይደርሱ ግን ሱዳኖቹ ሃቡብ የሚሉት ነፋስ ተነሥቶ አገሩን አቧራ አለበሰው። ነፋሱ ሲያልፍ እንኳ አቧራው አየሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ከዚያ ማዶ ፋኖሱ በራ። ቀይ ነበር።

እመት ታይቱ ከነገሩ ጦም እደሩ ነው፣ እንመለስ አሏት። ልጃቸውን ማየት ሳይፈልጉ ቀርተው አይደለም፤ እሱ በረሃ፣ እሷና ሕፃኑ ጥልያን እጅ ቢወድቁ ማን ሊተርፋቸው ነው? አገኘሽ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ዞረች። አንዴ ወደ ኋላ መለስ ስትል ከፋኖሱ በላይ፣ በየምሽቱ እንደ ወተት የምትነጣውን ትልቋን ኮከብ አየቻት። ፍም መስላለች።

"እማማ፣ ኮከቧንም ቀይ ጨርቅ የጠመጠመችባት ሰይዳ ናት?"

አማቷ ግራ ገባቸው። የሰማዩን አቧራ ነገር ቶሎ ቶሎ ነገረቻቸው። ኮከቧን ያቀላት አቧራው ከሆነ ፋኖሱንም ያቀላው እሱው ነው። በዚህ አቧራ ላይ ጨርቅ ቢጨመርበትማ ብርሃኑ ደክሞ ጭራሽ አይታይም ነበር። ይኸን የነገራት አለነ ነው።

እመት ታይቱ ፋኖሱን አዩ፣ ኮከቧን አዩ። "እንግዲህ ካበድንም አብረን እንበድ" አሉና እንስራቸውን አነሡ። "ልጁን ወደ ደረትሽ አዙሪው፤ አቧራ እንዳይገባበት።"

ወንዙን ተሻግረው ሲቀርቡ ፋኖሱ እየነጣ መጣ። ሱቁ ደጃፍ ሲደርሱ መስተዋቱ ምንም የለበትም። ሰይዳ ስታያቸው እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ አቧራው ፋኖሱን አቅልቶታል፣ አይመጡም፣ ተኛ እያለች አለነን ስትለምነው ነው ያመሸችው። እሱ ግን ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

"ቀይ አልመሰለሽም?" አላት።

"መሰለኝ።"

"ታዲያ እንዴት መጣሽ?"

"አንተ ነግረኸኝ የለ?"

ያን ሁሉ ዘመን ስትስቅበት የኖረች ሴት ቃሉን አንዱንም ሳትጥል ይዛው እንደኖረች አለነ ገና ያኔ ገባው። ልጇን ታቅፋ ድንበር የተሻገረችው በሱ ቃል ነው። ትከሻዋ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። እመት ታይቱ እኔንም ሳመኝ እንጂ ብለው እስኪቆጡት ድረስ ቀና አላለም። ከዚያ ነጠላውን ገለጥ አድርጎ፣ ሽፋሽፍቱ አቧራ የጠጣውን ልጁን አየ። በጋቢው ጫፍ ፊቱን ሲጠርግለት ሕፃኑ ዓይኑን ከፈተ።

"እንግሊዙን ጠየቅኸው? ሰማዩን ማን እንደጠረገው?" አለች አገኘሽ።

"አልጠየቅሁትም።"

"እንግዲያው ጠይቀህ መልሱን ይዘህልኝ ና" አለችው፤ እሷም አለቀሰች።