ክንፍ የሌለው አውቶብስ

"ፈርሚ" አላት የስምሪት ኃላፊው፣ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ እየገፋ። "ሦስተኛ ማስጠንቀቂያሽ ነው።"

ሹፌሯ እንደ ቆመች አነበበችው። ትናንት ከአሮጌው አየር ማረፊያ ወደ አዲሱ የነዳችው አውቶብስ "በራሷ ጥፋት" አርባ ደቂቃ ዘግይቶ አንዲት መንገደኛ በረራዋ አምልጧታል ይላል። ሦስተኛውን የፈረመ ሹፌር እንደሚሰናበት መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የማያውቅ የለም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወረቀቶች ከነገር ልገላገል ብላ ሳታነብ ነበር የፈረመችው፤ ለዚያም ራሷን ትረግማለች።

"መንገዱ በአርባ ደቂቃ ያልቃል ያለው ማነው?"

"ኮምፒውተሩ። በሁለቱ አየር ማረፊያዎች መካከል ያለው ሠላሳ አንድ ኪሎ ሜትር ነው።"

"እሱ ለአውሮፕላን ነው፣ አለቃ! የእኔ አውቶብስ እኮ ክንፍ የለውም። በድልድዩ ዞሮ ሲሄድ አርባ ሰባት ኪሎ ሜትር ነው። የገበያውን መጨናነቅ ይጨምሩበትና አንድ ሰዓት ከሃያ። አንድ ቀን እንኳ አብረውኝ ሄደው ያውቃሉ?"

"እኔ የምሠራው ቢሮ ነው።"

"ያስታውቃል።"

ኃላፊው ፊቱን አጠቆረ። "ስሚ፣ አንድ ሰዓት ከሃያ ብለን የጉዞ ሰዓት ቦርዱ ላይ ብንለጥፍ ማን ይሳፈርልናል?"

"አሃ! ለካ ያውቁታል! እንግዲያው ሞቼ ነው ቆሜ የምፈርመው!"

ወረቀቱን እንዳለ ትታው ወጣች። ትናንት በረራዋ ያመለጣት ሴትዮ ወደ ወንድሟ ቀብር ነበር የምትሄደው። ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ "አይዞሽ ልጄ፣ አንቺ ምን ታደርጊ" ብላ ጭራሽ ሹፌሯን አጽናናቻት። ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

አውቶብሷ ውስጥ ገብታ ሞተሩን አስነሳች። አምስት ሰዓት ሊሆን ነው፣ አውቶብሱም ሞልቷል። ፊት ወንበር ላይ ሕፃን የታቀፈ አባት ቀና ብሎ "እህት፣ በአርባ ደቂቃ እንገባለን አይደል? ስድስት ሰዓት ላይ የበረራ መግቢያውን ይዘጉብናል" አላት።

ኃላፊው እግር በእግር ተከትሏት መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። "ሰዓት ደርሷል፣ ንጂ!"

አሥራ አራት ዓመት መሪ ጨብጣለች፤ ሌላ ሥራ አታውቅም። ልጇም ኮሌጅ የገባችው ገና ዘንድሮ ነው። ፈርታለች። ቢሆንም ያንን አባት ዓይኑን እያየች መዋሸት አቃታት። ማይክሮፎኑን አነሳች።

"ወገኖቼ፣ ቦርዱ ላይ የተጻፈው ውሸት ነው። መንገዱ አንድ ሰዓት ከሃያ ይፈጃል። ከስድስት ተኩል በፊት መድረስ ያለባችሁ አሁኑኑ ወርዳችሁ ታክሲ ያዙ። የትኬታችሁን ገንዘብ እኚህ በሩ ላይ የቆሙት ኃላፊ ይመልሱላችኋል።"

ሰባት ሰው ብድግ አለ። እሷም ሞተሩን አጥፍታ ሻንጣ ልታወርድላቸው ወረደች።