የአንዲት እናት ጫካ

ዛፍ ወንድሙን ያውቃል ወይ? ይህን የምጠይቀው ሰው ሳጣ ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ቆሜ ራሴን እጠይቃለሁ።

ከመስኮቱ ማዶ፣ ከአጥራችን ጀምሮ እስከ ወንዙ ድረስ፣ ባለቤቴ የተከለው ጫካ አለ። ለሌላ ሰው ጫካ ነው። እኔ ሳየው ግን ተሰልፈው የቆሙ ሰዎች ይመስሉኛል። ሁሉም አንድ ልክ፣ አንድ መልክ፤ ሁሉም ግንዳቸው ላይ እዚያው ቦታ ያችው እብጠት አለችባቸው። ቅጠላቸውን የሚያራግፉት በአንድ ቀን ነው። ጠዋት ለምለም የነበረው ሲመሽ ራቁቱን ይቆማል። ከሥራቸው ምንም አይበቅልም። ፍሬ ይጥላሉ፣ ፍሬው ይበሰብሳል፣ በቃ። ልጅ የማይጮህበት ሰፈር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው።

ዘንድሮ ደግሞ ከጫፋቸው መድረቅ ጀመሩ። መጀመሪያ የወንዙ ዳር ያሉት፣ ከዚያ የሚቀጥሉት፤ አሁን ወደ አጥራችን እየመጣ ነው። የደረቀው ጫፍ ውስጡ ክፍት ስለሚሆን ንፋስ ሲገባበት ያፏጫል። አንዴ አጭር፣ ከዚያ ረጅም። ንፋስ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስምንተኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ። ግን ልጄ ዛፍ ጫፍ ሲደርስ የሚያፏጨው እንደዚያው ነበር። አንዴ አጭር፣ ከዚያ ረጅም። ታች ገመድ ለሚይዝለት ሰው «ደረስኩ፣ እሰር» ማለቱ ነው።

ልጄ ሥራው ዛፍ መውጣት ነበር። ባለቤቴ ለሚመራው ችግኝ ጣቢያ ከረጃጅም ዛፎች ላይ ዘር ያወርድ ነበር። ወንዙን ተሻግሮ ካለው የጥንት ደን፣ ጎባጣው ከምንለው ዛፍ ላይ ወድቆ ሞተ። ሴት ልጁን እኔ አሳደግኳት። ጉንዳን ነው የምንላት፤ አባቷ ያወጣላት ነው። ገና ዳዴ ስትል ጠረጴዛ ላይ፣ ቁም ሳጥን ላይ፣ ያገኘችው ላይ ሁሉ ትወጣ ነበር። አድጋ ከተማ ላብራቶሪ ስትቀጠር እልል ያልኩት እኔ ነኝ። ነጭ ልብስ ለብሳ በብርጭቆ ውስጥ ቅጠል ስትፈጭ ትውላለች አሉኝ። ብርጭቆ ላይ አይወጣም ብዬ ተኛሁ።

ባለፈው ሐሙስ ሳትደውል መጣች። ሳይደውል የሚመጣ ሰው ይዞት የሚመጣው ነገር አለ። ወጥ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች።

«ምን ሆነሻል? ከስተሻል እኮ። ማን አሳዘነሽ?»

«አልከሳሁም እማማ። ስሚኝማ። አባባ የት ነው?»

«የት ይሆናል፤ በረንዳው ላይ ነዋ። ፍሬውን እየሰበረ።»

ሽማግሌው ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ሥራው ይኸው ነው። ከጫካው ሥር የወደቀ ፍሬ ይለቅማል፣ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ በትንሽ መዶሻ ይሰብራል፣ ውስጡን ያያል፣ ይጥላል። ሁሉም ባዶ ነው። ቅርፊት አለ፣ ፍሬ ነገር የለም። «አንድ ሙሉ ባገኝ» ይላል። ቀኑን ሙሉ ጣ፣ ጣ ሲል ይውላል።

«ባለፈው ከጫካው የወሰድኩት ቅጠል የምርመራ ውጤቱ ወጣ» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሁሉም የአንዲት ዛፍ ልጆች ናቸው። የጣቢያው በር ላይ ያለችው። አንድም ከሌላ እናት የተወለደ የለም።»

«እና ምን አለበት? እኛስ የአንዲት እናት ልጆች አይደለን? ስድስት ነበርን፤ አንዳችን ካንዳችን አንገጥምም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው።»

«ዥንጉርጉር የሚሆነው አባት ሲኖር ነዋ እማማ። እሷ ግቢው ውስጥ ብቻዋን ነው የኖረችው፤ ዙሪያዋ ተመንጥሮ። አበባዋ ላይ ያረፈው የራሷው ብናኝ ነው። ከዚያ ደግሞ ልጆቿ እርስ በርሳቸው…»

«በቃ፣ ገባኝ።»

«ወንድምና እህት ሲጋቡ በይው።»

«በቃ አልኩሽ እኮ። ምግብ የሚሠራበት ቤት ነው።»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ሞተባት። «ፍሬው ባዶ የሚሆነው ለዚህ ነው። በሽታውም አንዱን የገደለበት ዘዴ ለሁሉም ይሠራል። ሁሉም በር አንድ ቁልፍ ነው ያለው። ሌላ ዓይነት ቢኖርበት፣ ይኼ ቢወድቅ ያ ይቆም ነበር።»

መስኮቱን ዞሬ አየሁ። ሰው እንኳ ሊጋባ ሲል ዘር ይቆጥራል፤ ለዛፍ ማን ቆጠረለት?

ባለቤቴ ክፉ አስቦ አይደለም። ቆንጆዋን መረጠ። ቀጥ ያለች፣ ግንዷ የሞላ፣ ፍሬዋ የሚትረፈረፍ፣ ለመውጣትም የማታስቸግር። «መልካም ዘር ከመልካም እናት» ይል ነበር። የወንዝ ማዶዎቹን አንዱን ጠማማ፣ አንዱን ድንክ፣ አንዱን ቆዳው የተላጠ ነው እያለ ናቃቸው። ጎባጣውንማ «ጎባጣ ጎባጣ ይወልዳል» ብሎ ጣቢያ አላስገባውም። ልጄ ነው «አባዬ፣ ጫካው እኮ አንድ መልክ ብቻ ሆነ፤ ያስፈራል» እያለ ይከራከር የነበረው። በመጨረሻ አባቱ ሰልችቶት «ሂድና አምጣው እንግዲህ» አለው።

«ለአያትሽ እንዳትነግሪው» አልኳት። «ያ ጫካ ነው እስካሁን ያቆመው።»

«አልነግረውም። ግን ዘር ማምጣት አለብኝ።»

ከወንዝ ማዶ የቀሩት ዛፎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው አለችኝ፤ ዘንድሮ ከስንት ዓመት በኋላ አፍርተዋል። ይህ ዘር ደግሞ እንደ ስንዴ ጎተራ ውስጥ አይቀመጥም። ከደረቀ ይሞታል፤ በወረደ በሳምንቱ አፈር ካልገባ የለም። መሬት የወደቀውን ጦጣና ነቀዝ አያስተርፈውም። ከላይ መውረድ አለበት።

«ከላይ ማለት?»

«ከላይ ነዋ።»

«ጎባጣውንም?»

እጇን ታጠበች። ያልቆሸሸ እጅ። «በሽታው ከጎኑ ያሉትን ነክቶ እሱን አልነካውም፣ እማማ። የሱ ዘር ካልመጣ የሌላው ከንቱ ልፋት ነው።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። ደረሰ።

በማግስቱ እሷ ጣቢያው ድረስ ስትሄድ ሻንጣዋን ከፈትኩ። የመውጫ ቀበቶዋን አወጣሁ፤ ወገብና ጭን ላይ የሚታሰር፣ ገመድ የሚገባበት የብረት ቀለበት ያለው ሰፊ ቀበቶ ነው። የዱቄት በርሜሉን ከፍቼ ክንዴ እስኪጠፋ ድረስ ወደ ታች ቀበርኩት። ላዩን በመዳፌ አስተካከልኩት። ከዚያ እንደ ጨዋ ሰው ሽንኩርት መላጥ ጀመርኩ።

ቅዳሜ ገመዴ የምንለው ሰው መጣ። ገመዴ የልጄን ገመድ ይይዝ የነበረው ሰው ነው፤ አሁን የእሷን ሊይዝ ነው የመጣው። ጉንዳን ቤቱን ስታገላብጥ አገኛት።

«እትዬ፣ ሌባ ገባ አሉ?» አለኝ። «ቴሌቪዥኑን ትቶ ቀበቶ ብቻ ይዞ ሄደ?»

«ሱሪው እየወለቀበት ይሆናል» አልኩት ቀና ሳልል።

«ከዚህ ቤት ሱሪ የሚወልቅበት እኔ ነኝ፤ እኔም አልወሰድኩም።»

ጉንዳን ከአልጋ ሥር ወጥታ አየችኝ። ያን ዓይን አውቀዋለሁ። ያባቷ ነው። «እማማ፣ ስጪኝ።»

«ምኑን?»

«አፈር ስሆን ስጪኝ። ከሳምንት በኋላ ዘሩ የለም። ቀበቶ ባይኖርም በገመድ ታስሬ እወጣለሁ።»

ይህን ስትል ተነሳሁ፤ ሽንኩርቱ ከጭኔ ተበተነ። ለማንም ያልተናገርኩትን ያን ጊዜ ተናገርኩ። «አባትሽ ዛፍ ሊወጣ ሲሄድ ደህና ዋሉ ብሎ አያውቅም» አልኳት። «ቃል ይከብዳል፣ ይዤው አልወጣም ነው የሚለው። ዝም አይነቅዝም እያለ እየቀለደ ዝም ብሎ ነው የሚወጣው። እኔም ከጀርባው አልጠራውም። ያን ቀን ግን እዚህ በር ላይ ቆመ። ዞረ። እማዬ፣ ደህና ዋዪ አለኝ። ለምን እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንቺ ደግሞ ከቤት በወጣሽ ቁጥር በሩ ላይ ቆመሽ ደህና ዋዪ፣ ቻው፣ ደህና ዋዪ ትያለሽ። በስልክ እንኳን ሦስት ጊዜ ነው የምትይው። አፍሽን በከፈትሽ ቁጥር እኔ ምን እንደምሆን ታውቂያለሽ?»

አላወቀችም ነበር። ቁጭ አለች።

ገመዴ መዳፎቹን አገላብጦ አየ። ገመዱ ያረሰው ጠባሳ አሁንም አለ። «ገመዱ አልተበጠሰም እትዬ» አለ። ይህን በየዓመቱ ይነግረኛል። «ቅርንጫፉ ነው። እኔ አልለቀቅኩም።»

«አውቃለሁ ወንድሜ። አውቃለሁ።»

ከቤቱ የሆነ ነገር ጎድሏል። ቆይቶ ነው የገባኝ። መዶሻው ቆሟል።

ሽማግሌው ደጃፉ ላይ ነበር።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አለ። «ስንት ዓመት ፍሬ ስሰብር የኖርኩ ሰው የማላውቅ መሰላችሁ? እኔም እኮ ፉጨቱን እሰማለሁ፣ አንቺ ሴትዮ። አንቺ ብቻ የምትሰሚው መሰለሽ?»

ስንት ዘመን አንድ አልጋ ላይ ተኝተን ሁለታችንም ለየብቻችን እንሰማው ነበር።

ማንንም ሳያይ አልፎን የልጄ ክፍል ገባ። ያ ክፍል ይጠረጋል እንጂ አይነካም። ግድግዳው ላይ ምስማር አለ፣ ምስማሩ ላይ ከረጢት አለ፤ ልጄ የወደቀ ቀን ትከሻው ላይ የነበረው። ገመዴ ነው ያመጣው። ያን ጊዜ ሰቀልነው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ከፍቶት አያውቅም። አንዳንዴ አቧራ ስጠርግ በእጄ እዳብሰዋለሁ፤ ውስጡ ያለው ነገር ኩርምት ብሎ የተኛ ሰው ይመስለኛል።

ሽማግሌው አወረደው። ሲያወርደው ተንኮሻኮሸ፤ እንደ ደረቅ ባቄላ። ጉንዳን አፏን በእጇ ያዘች። የሙያው ሰው ናት፤ ድምፁ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በፊት ገብቷታል።

«የጎባጣው ነው አባባ?»

«የጎባጣው ነው። ከመውደቁ በፊት ሞልቶታል።»

ጠረጴዛዬ ላይ አንዱን አስቀመጠ፣ መዶሻውን አነሳ። ጣ። ቅርፊቱ ለሁለት ተከፈለ። አራታችንም ጎንበስ አልን።

ሙሉ ነበር።

ቅርፊቱን ሞልቶ የተቀመጠ ፍሬ፤ የጠቆረ፣ የተጨማደደ፣ እንደ ድንጋይ የደረቀ። ሁለተኛ ሰበረ። ሙሉ። ሦስተኛ። ሙሉ። ስንት ዓመት በረንዳው ላይ አንድ ሙሉ ሲፈልግ፣ ሙሉው ሁሉ ግድግዳችን ላይ ተሰቅሎ ነበር።

«ይህ ዘር ከደረቀ ይሞታል ብዬ ለስንቱ ሠራተኛ አስተምሬያለሁ» አለ። መዶሻውን በቀስታ አስቀመጠው። «በዚያ ሳምንት ግን እጄ ወደዚህ ከረጢት አልሄደም። ከዚያ ሳምንቱ አለፈ። ሕይወቱን የሰጠበትን እኛ እንደ ፎቶ ሰቀልነው።»

ከውጭ ጫካው አፏጨ። አንዴ አጭር፣ ከዚያ ረጅም። ገመዴ ሳያስበው እጁ ገመድ እንደሚያጠብቅ ሰው ተጨበጠ።

ሽማግሌው ወደ ጉንዳን ዞረ። ሂጂም አላላት፣ አትሂጂም አላላት። «ከእያንዳንዱ ዛፍ ያመጣሽውን ለየብቻው ቋጥሪው» አለ። «እንዳትቀላቅዪው። ጠማማውን፣ ድንኩን፣ የተላጠውን፣ ሁሉንም። እኔ የችግኝ መደብ አዘጋጅልሻለሁ።» ከዚያ ወደ በረንዳው ወጣ፤ የዚያን ቀን ግን ፍሬ አልሰበረም። መቆፈሪያ ሲፈልግ ሰማሁት።

ያን ሌሊት እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም። ምን እንዳሰብኩ አልነግራችሁም፤ የማንም አያት የምታስበውን ነው።

ሲነጋ ወጥ ቤት ገባሁ። ከረጢቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አነሳሁት፤ ተንኮሻኮሸ። መልሼ አስቀመጥኩት። ከዚያ የዱቄት በርሜሉን ከፈትኩ፣ እጄን ሰደድኩ። ቀበቶውን ሳወጣው እንደ ሙት አመድ መስሎ ነበር። በቀሚሴ ጠረግሁት፣ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ወለወልኩ፣ በጣቴ ከፍቼ ዘጋኋቸው፣ ስፌቱን ጎተትኩ። ጠንካራ ነው። ጠንካራ ይመስላል። እኔ ምኑን አውቄ።

በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጥኩት።

ገመዴ ከአጥሩ ውጭ ገመዱን ትከሻው ላይ ጠምጥሞ ይጠብቃል። ሽማግሌው ከጓሮ መሬት ይቆፍራል። ጉንዳን ከክፍሏ ወጣች፤ ቀበቶውን አየችው፣ ከዚያ እኔን። ዱቄት ክርኔ ድረስ አለ። ልትስቅ ምንም አልቀራት። ታጠቀች፤ ማሰሪያውን ሳብ ሳብ አድርጋ አጠበቀች። ባዶ ከረጢቶች ወገቧ ላይ ሰካች፣ ለእያንዳንዱ ዛፍ አንድ።

በሩ ጋ ደረሰች። ቆመች። አባቷ የቆመበት ቦታ ላይ።

ዞረች።

አፏ ተከፈተ። ጠረጴዛውን ያዝኩ። ጆሮዬን ልደፍነው አሰብኩ፤ እጄ ግን አልነሳም አለ።

አየችኝ፤ ረጅም ጊዜ አየችኝ። አፏን መልሳ ገጠመችው፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ዞራ፣ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ፣ በሩን ወጣች።