የፈርዖን ፎቶ

«ዘውዱን እናጠፋዋለን» አለች ቤቴል ስልኳን እያሳየች። «ጺሙንም። ከዚያ ኮትና ክራቫት እናለብሰዋለን። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ አክስቴ።»

የአሰገደች ባል ጠና ትናንት ነው የተቀበረው። ድንኳኑ ተተክሏል፣ የእድሩ ወንበር ተደርድሯል፤ የጎደለው የሟች ፎቶ ነው። የመታወቂያውን ፊት ማኅተሙ በልቶታል። የሠርጋቸውን ፎቶ ያነሳው ራሱ ስለሆነ ሙሽራዋ ብቻዋን ቆማለች። የተገኘው አንድ የቤተ ክርስቲያን ድራማ ፎቶ ነው፤ በእሱም ላይ ጠና ከኒዶ ጣሳ የተቆረጠ ዘውድ ደፍቶ፣ የበግ ጸጉር ጺም ለጥፎ፣ በትር ጨብጧል።

«እህት አሰገደች፣ ቅር አይበልሽ» አሉ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ አቶ ዕንባቆም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰው ሊጸልይ ነው የሚመጣው። ፈርዖንን ፊት ለፊት ሰቅለን እንዴት ይሆናል?»

አቶ ዕንባቆም በዚያው ድራማ ሙሴ ነበሩ።

አሰገደች «እንዳላችሁ» አለች።

ጠና ሆሳዕና ውስጥ አስተማሪ ነበር። ሽማግሌዎች የሚያወሩትን የድሮ ታሪክ ቁጭ ብሎ ይሰማና ለተማሪዎቹ ድራማ ያደርገዋል። ለቤተ ክርስቲያን ደግሞ በየዓመቱ ዘፀአትን ያዘጋጃል። ችግሩ ክፉውን ሰው የሚጫወት አይገኝም። «ሁሉም ሙሴ ካልሆንኩ ይላል» ይላት ነበር። «ፈርዖን ከሌለ ሙሴ ከማን ይሸሻል?» ስለዚህ ራሱ ፈርዖን ሆነ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰማያዊ ሸራ ውስጥ ሰጠመ። ከሰጠመም በኋላ ዘውዱን ሳያወልቅ ተነስቶ፣ ካሜራውን አንግቶ፣ ከዳምቦያና ከሾኔ የመጣውን እንግዳ ሳይቀር ያነሳል።

ፎቶዎቹ ታጥበው ሲመጡ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋቸዋል። እሱ ይናገራል፣ እሷ ከጀርባቸው ትጽፋለች፤ የእሷ ጽሑፍ ይነበባል።

«ወርቅዬ፣ የሾኔዋ። ቅቤ ነጋዴ። ስትስቅ አፏን የምትሸፍነው።»

«እሱንም ልጻፈው?»

«ጻፊው እንጂ! ስሟ ብቻ ምን ያደርጋል? ነገ ማን ሊያውቃት ነው?»

ልጅ አልነበራቸውም። ከሦስት ካርቶን በላይ ሰው ግን ነበራቸው።

ባነሩ በማግሥቱ ታትሞ መጣ። ኮቱ ጥሩ ኮት ነው፤ ጠና እንደዚህ ያለ ኮት ኖሮት አያውቅም። ግንባሩ ተለስልሷል፣ አገጩ ከሌላ ሰው የመጣ ይመስላል። «ሚኒስትር አስመሰልሽው» አሏት ቤቴልን። አሰገደች ከማታውቀው ሰውዬ ፊት ለፊት ተቀምጣ ዋለች። ዕንባ እምቢ አላት። መጽናናቷን አይተው ሽማግሌዎቹ እግዚአብሔርን አመሰገኑ።

ከቀብሩ በኋላ በሦስተኛው ቀን አንዲት ሴት እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ እየጮኸች ገባች። ባነሩን ስታይ ለቅሶዋን አቋረጠች።

«ውይ፣ ይቅርታ! ተሳስቻለሁ» ብላ ወጣች። ደጅ የቆሙትን ወንዶች ስትጠይቅ ከውስጥ ይሰማል። «ወንድሞቼ፣ የፈርዖን ለቅሶ የትኛው ድንኳን ነው?»

አንዱ ሳቁ አመለጠውና ሳል አስመሰለው። አቶ ዕንባቆም ተነስተው ወጡ።

«እዚሁ ነው፣ ወርቅዬ። ግቢ።»

«ታዲያ ያ ሰውዬ ማነው?»

አቶ ዕንባቆም ተመልሰው ገቡ። ወንበር ላይ ወጥተው ባነሩን በገዛ እጃቸው አወረዱ። ከዚያ ወደ አሰገደች ዞሩ። «ያንን ፎቶ አምጪልኝ እስቲ።» ከነዘውዱ፣ ከነበትሩ ሰቀሉት።

«አንተ ፈርዖን!» አለች ወርቅዬ ደረቷን እየመታች። «ዘንድሮ ማን ይሰጥምልን?»

ድንኳኑ አለቀሰ። አሰገደችም ከሰው ጋር አለቀሰች።

ከሰዓት በኋላ እድሩ ድንኳኑንና ወንበሩን ጭኖ ሄደ። ቤቴል «አብሬሽ ልደር» ብትላት እምቢ አለች። ብቻዋን ስትሆን ፎቶውን ገለበጠችው። ጀርባው ባዶ ነው። ይህን ያነሳችው እሷ ናት፤ አንድ ዓመት ካሜራውን ድንገት አስያዛትና ሄዶ ዙፋኑ ፊት ቆመ። ካሜራውን ወደ ዓይኗ ስታስጠጋ እሷን እያየ ንግግሩ ጠፋበት። ሕዝቡ ሳቀ። ፎቶው ሲታጠብ «ምን ልጻፍ?» ብትለው «ይኼን በኋላ እነግርሻለሁ» አላት።

ጠረጴዛው አጠገብ የለመደችው ቦታ ተቀመጠች። የእሱን ወንበር ትንሽ ሳብ አደረገችለት። እስክሪብቶውን ከፍታ ጫፉን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

«እሺ» አለች፣ ጠበቀችም።