የዳነ ትከሻ

«እዚህ ጋ ያምዎታል?»

«ያመኛል» አሉ አቶ ሳህሉ።

«እዚህስ?»

«እሱማ ባሰ!»

የወይንሐረግ በቅቤ የራሰ አውራ ጣቷን ከትከሻቸው ላይ ሳታነሳ ጫን አለች። ወጌሻ ናት። ሙያውን ከአባቷ የወረሰች፣ ቡራዩ ውስጥ ወለምታ የያዘው ሁሉ ደጅ የሚጠናት ሴት። የታመመ ሥጋ ሲነካ እንደሚሸሽ እጇ ያውቃል። የአቶ ሳህሉ ትከሻ ግን አልሸሸም፤ እንዲያውም ወደ እጇ ጠጋ እያለ ነበር።

ከሦስት ወር በፊት አቶ ሳህሉ የላላ ቆርቆሮ ሊመቱ መሰላል ላይ ወጡና ወደቁ። በስድሳ ስድስት ዓመት መሰላል ላይ መውጣት ምን የሚሉት ጀግንነት ነው ብሎ የሚቆጣ ሰው ቤት ውስጥ አልነበረም። የወለቀውን ቀኝ ትከሻቸውን ሐኪም ቤት ወደ ቦታው መለሰላቸውና ክንዳቸውን በፋሻ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ከረሙ። ፋሻው ሲፈታ ግን ክንዱ ደርቆ ከደረት በላይ አልነሳ አለ። ያኔ ጎረቤት ወደ የወይንሐረግ ላካቸው።

እሷ ጋ የሚታሽ ሰው ቅቤውን ራሱ ይዞ ይመጣል። አቶ ሳህሉም በብልቃጥ አድርገው መጡ። የመጀመሪያ ቀን እንደ ሕፃን አለቀሱ። በአራተኛው ፀጉራቸውን በቀኝ እጃቸው ታጠቡ፤ በሰባተኛው ልብስ አሰጡ። ዛሬ ሲታሹ አሥራ አንደኛቸው ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ? ትከሻቸው መዳኑን ከማንም በፊት ያወቁት እሳቸው ናቸው።

ባለቤታቸው ካረፉ አራት ዓመት ሆኗል። ከዚያ ወዲህ የሰው እጅ የሚነካቸው ለሰላምታ ብቻ ነበር፤ እሱም ቸኩሎ ይለቃል። እዚህ ግን በሳምንት ሁለት ቀን አንድ ሰው ትከሻቸውን ይይዝና «ጋሼ ሳህሉ፣ እንዴት አደሩ?» ይላቸዋል። በታሹበት ቀን አልጋቸው ላይ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፤ በሌላው ቀን ቴሌቪዥን እንደበራ ሶፋ ላይ ያነጋሉ። ብቸኝነት ነው እንጂ ሌላ በሽታ የለባቸውም።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ሳህሉ?» ሲሉ በኦሮምኛ ሰላም አሏቸው ወረፋ የሚጠብቁት ኦቦ ኢቲቻ፣ ያበጠ ጉልበታቸውን አግዳሚው ላይ እንደዘረጉ። «ይቺ ትከሻ መዳን አትወድም እንዴ?»

«አርጅታ ነዋ» አሉ አቶ ሳህሉ።

«ማሸትን አትናቅ። ሱሉልታ የሚሮጥ የወንድሜ ልጅ አለ። ቋንጃው ተይዞ ሩጫ ቀረበት ሲባል፣ እዚያ ካምፕ ውስጥ ማሳጅ አደረጉለትና ይኸው ይጋልባል። የምታሸው ሴት ልጅ ናት አሉ። እጇ ይባረክ!»

አቶ ሳህሉ አንገታቸውን ደፉ። ጆሯቸው ጋለ።

ሱሉልታ ሯጭ የምታሽ ሴት አንድ ብቻ አይደለችም፤ የኦቦ ኢቲቻን ዘመድ ያሸችው ኤዶም ትሁን ሌላ፣ አልጠየቁም። ኤዶም አንድያ ልጃቸው ናት። የማሳጅ ኮርስ ወስዳ፣ ምስክር ወረቀቷን አሳይታቸው ነበር ሥራ የጀመረችው። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ነበር፤ እድር ላይ አንድ ሰው «ልጅህ ወንድ ታሻለች አሉ» ብሎ ሹክ እስኪላቸው ድረስ። ያን ቀን ቤት ገብተው፣ ምሳ ቀርቦ ሳለ፣ «የወንድ ጭን የሚያሽ እጅ ከእኔ ጋር ከአንድ ትሪ አይቆርስም» አሏት።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ኤዶም የቆረሰችውን መልሳ ትሪው ላይ አኖረች፤ በሳምንቱ ሱሉልታ ቤት ተከራይታ ወጣች። ዓመት ከመንፈቅ ሆነው። በዓል በመጣ ቁጥር ትደውላለች፤ እሳቸው «ደህና ነኝ» ብለው ይዘጋሉ። ሲወድቁ እንኳ አልነገሯትም።

«እስቲ ክንድዎን ያንሱ» አለች የወይንሐረግ።

አቶ ሳህሉ እስከ ደረታቸው አንስተው ፊታቸውን አጨማደዱ። «ውይ! አልሄድ አለ።»

«በቃ፣ አይጨነቁ። እጄን ልጥረግበት፣ ያችን ፎጣ ያቀብሉኝ።»

ፎጣው ከበሩ ጉበን በላይ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። አቶ ሳህሉ ደግ ሰው ናቸው፤ ለትእዛዝ አይሰንፉም። ብድግ ብለው፣ ቀኝ ክንዳቸውን እስከ ላይ ዘርግተው፣ ፎጣውን አውርደው ሰጧት።

ኦቦ ኢቲቻ ጉልበታቸውን ረስተው ተንከተከቱ። «ዋቃዮ! ተአምር ነው!»

የወይንሐረግ አልሳቀችም። ኦቦ ኢቲቻን ውጭ ፀሐይ እንዲሞቁ ከላከች በኋላ በፎጣው እጇን ጠርጋ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ትከሻዎ ከዳነ ቆየ፣ ጋሼ ሳህሉ። አባቴ የዳነ ገላ አይታሽም ይል ነበር። የታመመ ሰው ወረፋ ላይ አለ።»

አቶ ሳህሉ መሬት መሬት አዩ። እፍረቱ ከውድቀቱ ይልቅ አመማቸው።

«ቤት ማን አለ?» አለቻቸው ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ማንም።»

«ልጅስ?»

«አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ። ሱሉልታ ነው ያለችው።»

«ምን ትሠራለች?»

ለማንም ነግረው አያውቁም። «ሰው ታሻለች። ሯጮች።»

«ወይ ጉድ! ታዲያ የራስዎ ወጌሻ እያለችልዎ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«ወንዶች ናቸው እኮ የምታሸው» አሉ አቶ ሳህሉ።

የወይንሐረግ ቀና ብላ አየቻቸው። «እርስዎስ ምንድን ነዎት?»

አቶ ሳህሉ ደንግጠው ሸሚዛቸውን ፈለጉ። አሥራ አንድ ጊዜ እዚህ በርጩማ ላይ ከወገባቸው በላይ ራቁታቸውን ተቀምጠዋል። ይህችም የሰው ልጅ ናት፤ የአባት ልጅ። አንድም ቀን ነውር ብለው አስበውት አያውቁም፤ እጇ መድኃኒት ነበር እንጂ ሌላ ምን ነበር? ቁልፋቸውን አዛንፈው ቆለፉ። ስትሰናበታቸው የተረፈ ቅቤያቸውን ከነብልቃጡ እጃቸው ላይ አኖረችላቸው።

«የእርስዎ ነው። ለሚያሽዎት ሰው ይስጡ» አለቻቸው።

ቤታቸው ገብተው ብልቃጡን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና ስልካቸውን አነሱ። መንገዱን ሙሉ ውሸቱን ሲያዘጋጁ ነበር የመጡት፤ ትከሻዬ አልነሳ አለኝ፣ መጥተሽ እሺኝ ሊሏት። ታሜአለሁ ማለት ናፍቀሽኛል ከማለት ይቀልላል። ሁለት ጊዜ ደውለው ሳይጠራ ዘጉት። በሦስተኛው ጠራ።

«አባዬ? ምን ሆንክ?» አለች ኤዶም። በዓል አልነበረም፤ ደውለውላትም አያውቁም፤ ድምጿ ውስጥ ድንጋጤ አለ።

«ትከሻዬን…» ብለው ጀመሩና ቆሙ። ዓይናቸው ብልቃጡ ላይ አረፈ። «ወድቄ ነበር። ትከሻዬ ወልቆ ነበር።»

«መቼ? ለምን አልነገርከኝም? አሁንስ?»

«አሁን ድኗል።»

 ከኋላዋ ሰዎች ሲስቁ ይሰማል።

«ነይ» አሉ አቶ ሳህሉ።

«ድኗል አልከኝ አይደል?»

«ድኗል። ግን ነይ።»

 የኤዶም ድምፅ ቀጠነ። «አባዬ፣ ሥራዬን አልተውኩም። እጄ ያው እጄ ነው።»

 አቶ ሳህሉ ያን የምሳ ቀን ቃል መልሰው መዋጥ ቢቻላቸው በዋጡት ነበር።

«እሱን ይዘሽ ነይ» አሉ። «እሁድ ምሳ አብረን እንበላለን።»

ስልኩን ሲዘጉ የሚቆሙበት ወንበር አልፈለጉም። በቀኝ ክንዳቸው ተንጠራርተው፣ ለአንድ ሰው ትበዛለች ብለው ቁም ሳጥኑ አናት ላይ የሰቀሏትን ትልቋን ትሪ አወረዱ። አቧራዋ በዝቶ ነበር፤ ሁለት ጊዜ አጥበው ጠረጴዛው ላይ አኖሯት።