የወርቄ ድምፅ በሪባን ስፒከር

የባቡሩ ሐዲድ ኮምቦልቻ ሳይደርስ፣ ደሴ ፒያሳ ላይ ካሴት ቤት ነበረኝ። አይ ያ ዘመን! ሰው ቆሞ፣ ሰምቶ፣ አጣጥሞ ነበር ዘፈን የሚገዛው። ዛሬ ቤቱ ልብስ መሸጫ ሆኗል፤ ባለፍኩ ቁጥር ቆም ብዬ በሩን አየዋለሁ።

ሪባን ስፒከር የሠራሁትም ያኔ ነው። ድምፁ የሚወጣው ከሽንኩርት ልጣጭ ከሳሳ የአሉሚኒየም ጥብጣብ ነው። ቀጭኑን ድምፅ ወላሂ ቁልጭ አድርጎ ያወጣዋል፤ ከበሮ ከደረሰበት ግን ይበጠሳል። ስለዚህ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ፕሮሰሰር ከዱባይ አስመጣሁ፤ ወፍራሙን ድምፅ ለትልቁ ስፒከር፣ ቀጭኑን ለሪባኑ ያካፍላል። ሚዛኑን አስተካክዬ ስጨርስ የሰማ ሁሉ "አጃኢብ!" አለ።

ጋሽ አግማስ ብቻ አላሉም። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ከሽመና ማሽን ጋር ያረጁ ሰው ናቸው። ሟች ባለቤታቸው ወርቄ በእህቷ ሰርግ ላይ የዘፈነችበትን ካሴት ይዘው ነው የመጡት። ከሷ የቀረ ሌላ ድምፅ የላቸውም።

"እንዴት ነው?" አልኳቸው።

"ድምፅ አለ፤ ቃል የለም። ወርቄ አይደለችም።"

"እንዴ ጋሼ! ይኼ እንኳን የሰው፣ የጉንዳን ኮቴ ያሰማል!" ብዬ ጮህኩ።

በድምፅ ጉዳይ ቀልድ አላውቅም፤ ደሜ ፈልቶ ነበር። እሳቸው ግን ከንፈር ከንፈሬን ያያሉ። ያኔ ገባኝ። ማሽኑ ሲጮህ ሠራተኛው የሚነጋገረው በከንፈርና በእጅ ነው። እዚያው ፋብሪካ ትሠራ ከነበረችው ከወርቄ ጋር የተዋደዱትም እንደዚያ እንደሆነ አጫውተውኛል፤ በሁለት ጣት ደረትን መታ መታ ማድረግ "በር ላይ ጠብቂኝ" ማለት ነው። ያ ጩኸት ቀጭኑን ድምፅ ከጆሯቸው ወስዶታል። ቃል የሚለየው ደግሞ በሱ ነው።

"አብሽሩ ጋሼ" አልኩ።

የሰርጉ ከበሮ ወደ ሪባኑ እንዳያልፍ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ ወፍራሙና ቀጭኑ ድምፅ የሚለያዩበትን ልክ ከፍ አደረግሁ። ከዚያ ስንት የለፋሁበትን ሚዛን በገዛ እጄ አፈረስኩት፤ ቀጭኑን ድምፅ ጨመርኩ፣ ጨመርኩ። ሪባኑ ቢበጠስ ሌላ የለኝም፤ ላብ አጠመቀኝ። ጎረቤቴ ባለካፌዋ ነፃነት ጆሮዋን ይዛ ብቅ አለች።

"ኧረ ከሊድ፣ አበድክ እንዴ? ድስት ነው የምትፍቀው?"

"ዝም በይ አንቺ!"

ጋሽ አግማስ ወደ ስፒከሩ ጠጋ አሉ።

"እሷ ናት" አሉ። "ስሜን ጠራችው እኮ! 'አግማሴ' ብላ ገጠመችብኝ! ያን ቀን ፈረቃ ላይ ነበርኩ፤ አልሰማኋትም።"

እንባቸው ወረደ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን አሳፈረኝ!

ከዚያ ድምፅ ሳያወጡ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፤ በሁለት ጣታቸውም ደረታቸውን መታ መታ አደረጉ።