የማያወራ ካርቶን

አማትና ምራት ዓይንና ናጫ ናቸው ያለ ሰው እነዚህን ሁለት ሴቶች አላያቸውም። ፎቅ ላይ ባለችው ባለሁለት ክፍል ቤት፣ አንዷ ወረቀት ስትጨብጥ ሌላዋ ስኮች ስትቆርጥ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የሻይ ኩባያና ሳህን እያሸጉ በዕቃ አድራሽ መኪና ወደየከተማው ልከዋል። በሦስት ዓመት ውስጥ መንገድ ላይ የተሰበረባቸው ስንት ነው? አንድም! ምራቲቱ ይህን ለመናገር ጠያቂ አትጠብቅም። ሰፈሩ «ወይዘሮ ካርቶን» የሚል ስም አውጥቶላታል፤ እሷም ስሙን እንደ ሹመት ተቀብላዋለች።

ሥራው ሕግ አለው። ሳህን ቆሞ ይሄዳል እንጂ ተኝቶ አይሄድም፤ የተኛ ሳህን ከላዩ ያለውን ክብደት ሁሉ ይሸከማል። ኩባያ መጀመሪያ ወረቀት ይጎርሳል፣ ቀጥሎ ይጠቀለላል፣ ከዚያ በአፉ ይደፋል። ታሽጎ ሲያልቅ ወይዘሮ ካርቶን ብድግ ታደርገውና ጆሮዋ ሥር ይዛ ትንጠዋለች። ኳ ካለ «ይሄ ገና ያወራል» ብላ መልሳ ትከፍተዋለች። የሚያወራ ካርቶን ከዚያ ቤት አይወጣም።

አማቷ ግን በጆሮ ብቻ አያምኑም። «ሰማዕቱ» የሚባለውን ካርቶን የፈጠሩት እሳቸው ናቸው። ውስጡ ሃያ አራት ኩባያ አለ፤ አሥራ ሰባቱ ከፋብሪካ ተሸርፈው የመጡ፣ ሰባቱ ደህና። አስተሻሸግ በቀየሩ ቁጥር ሰማዕቱ በአዲሱ ዘዴ ይታሸግና አሥራ አንዱን ደረጃ እየተንከባለለ ይወርዳል። ከሰባቱ ደህናዎች አንዱ ከተነካ ዘዴው ውድቅ ነው። አማቲቱ ደግሞ በእርሳስ «በሽተኛ 17፣ ጤነኛ 7» ብለው የጻፉባትን ወረቀት ካርቶኑ ውስጥ ከሥሩ ያነጥፋሉ፤ ቆጠራው እንዳይሳሳት።

አንድ ቀን ከሌላ ከተማ አንዲት የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ደወለች። ሦስት ሻጮች ተራ በተራ ስባሪ ልከውላት ምርር ብሏታል።

«ሃያ አራት ኩባያ ለሙከራ ይላኩልኝ» አለች። «አንዲት ሽራፊ ካየሁ በቃን። ደህና ከገባ ግን የአርባውን ክፍል ዕቃ ሁሉ ከእርስዎ ነው የምገዛው።»

«አንዲት ሽራፊ ካዩ ስሜን ይቀይሩት!» አለች ወይዘሮ ካርቶን።

የአርባ ክፍል ዕቃ! ያ ማለት ምድር ቤት ያለችውን ባዶ ሱቅ መከራየት ማለት ነው። ባሏም አልጋው ላይ ለመውጣት የካርቶን ቁልል መዝለሉ ይቀርለታል። ገና ዕቃው ሳይላክ መደርደሪያው የት እንደሚቆም በልቧ ለክታ ጨርሳለች።

በዚያው ሳምንት ወፍራም አዲስ ካርቶን መጣላቸው። ጠዋት ተነስታ የእንግዳ ማረፊያውንም ትእዛዝ፣ ሰማዕቱንም በአዲሱ ካርቶን አሸገች። ሁለቱንም ተራ በተራ ናጠቻቸው። ሁለቱም ዝም። በደስታ ፈክታ አድራሻውን ለጠፈች። የዕቃ አድራሹ ሾፌር፣ ጠና ያሉ ዝምተኛ ሰውዬ፣ መጥተው ተሸክመውት ወረዱ። እኩለ ቀን ላይ አማቷ ሰማዕቱን ከደረጃው ጫፍ ገፉት። ተንከባሎ ወረደ። ሄዳ ነቀነቀችው፤ ጭጭ ብሏል።

«መክፈትም አያስፈልገው» አለች ደረቷን ነፍታ። «ሌላ ቀን እንቆጥረዋለን።» ደረጃው ሥር ወሽቀው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በሁለተኛው ቀን ስልኩ ጮኸ።

«አብዛኛው ተሸርፏል» አለች የእንግዳ ማረፊያዋ ባለቤት። ስድብ የለ፣ ቁጣ የለ፤ የለመደችው ነገር ነውና ድምፅዋ ደክሟል። ወይዘሮ ካርቶንን ከስድብ ይልቅ እሱ ነው ያንገበገባት።

የእኔ እሽግ ሊሰበር አይችልም ብላ በቀጥታ ወደ ዕቃ አድራሹ ቢሮ ከነፈች። ኃላፊው ፊት ቆማ ያላወረደችው የለም። «ወርውራችሁታል! ረግጣችሁታል!»

ሾፌሩ ተጠርተው መጡ። «ፊት ወንበር ላይ አድርጌ፣ በቀበቶ አስሬ ነው የወሰድኩት» አሉ።

«ታዲያ ኩባያዎቼ እርስ በርስ ተደባደቡ ልበል፣ ጋሼ?»

ቢሮው ውስጥ የነበሩት ሳቁ። ኃላፊው ግን አልሳቀም፤ ነገሩ እስኪጣራ የመኪናውን ቁልፍ ያስረክቡ አላቸው። ሾፌሩ ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ማስረጃ ያስፈልገኛል» አለ ኃላፊው ወደ እሷ ዞሮ። «የስባሪውን ፎቶ ያስልኩልን።»

እዚያው ቆማ ደወለች። «እባክዎ፣ ከወረቀቱ ውስጥ ሽራፊዎቹን ለቅመው ፎቶ ያንሱልኝ።»

«እኔም የገረመኝ እሱ ነው» አለች ሴትዮዋ። «ወረቀቱን ሁሉ አራግፌዋለሁ፤ አንዲት ሽራፊ የለም። አንዱ ኩባያማ እጀታው ወልቋል፤ እጀታው ግን ካርቶኑ ውስጥ የለም።»

ወይዘሮ ካርቶን ያንን ኩባያ ታውቀዋለች። ሦስት ዓመት ስትጠቀልለው ኖራለች። «መጣሁ» አለች ማንንም ሳታይ፣ እግሬ አውጪኝ ብላ ወደ ቤት።

ደረጃው ሥር ገብታ ካርቶኑን ጎትታ ስኮቹን ቀደደች። ሃያ አራት ነጭ ኩባያ። አንድም ጭረት የላቸውም። ሁለቱም ካርቶኖች ዝም ብለውባት፣ በዝምታቸው ረክታ፣ አድራሻውን ሰማዕቱ ላይ ለጥፋ ኖሯል። ደረጃውን ተንከባለው የወረዱት ደግሞ እነዚህ ናቸው።

አማቷ ከላይ ወርደው አዩና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «ስሚ ልጄ፣ እነዚህን ዛሬውኑ ላኪላት» አሉ ድምፃቸውን ቀንሰው። «መኪናው ነው የሰበረው ብለሽ የለ? በዚያው ይቅር። ማን ያውቃል?»

«ጋሼ ቁልፋቸውን አስረከቡ እኮ፣ እማማ።»

አሮጊቷ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አትዪኝም?» አሉ። ከዚያ እንደገና ተነሱ። «እንግዲያው ምን ያስቆምሻል? ጫማዬን አምጪልኝ፤ አብሬሽ እሄዳለሁ። ካርቶኑንም ያዥው።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ይህን መንገዱን ሙሉ እያሰበች ሄደች፤ እፍረቱ ፊቷን ያቃጥላታል። ቢሮ ስትገባ ግን ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። ጮኻ የከሰሰችውን ጮኻ መለሰችው፤ የሳቁት ሁሉ እንዲሰሙ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። የተሳሳተ ካርቶን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ጋሼ፣ በሰው ፊት አዋርጄዎታለሁ፤ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ሾፌሩ ቁልፉን ከጠረጴዛው አንስተው ኪሳቸው ከተቱ። ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ።

ቀጥሎ ለእንግዳ ማረፊያዋ ባለቤት ደወለችላት። ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም፤ ደረጃውንም፣ ሰማዕቱንም፣ አድራሻውንም ነገረቻት። «ካርቶኑን እስከ ሥሩ ይዩት» አለች በመጨረሻ።

ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። «በሽተኛ አሥራ ሰባት» አለች ሴትዮዋ እያነበበች፤ «ጤነኛ ሰባት።» ኩባያ ከኩባያ ጋር ቀስ ብሎ ሲነካካ ይሰማል፤ እየቆጠረች ነው። «ሰባት። ሰባቱም ደህና ናቸው!»

«ሠላሳ አንድ ጊዜ ደረጃ የወረዱ ናቸው» አሉ አማቲቱ ስልኩን ተሻምተው።

«የእኔዎቹስ?»

«የእርስዎዎቹ አንድ ጊዜ ብቻ» አለች ወይዘሮ ካርቶን። «አሁን እፊቴ ናቸው። ምንም አልሆኑም። ከፈለጉ ግን ያልተንከባለሉ ሌሎች እልክልዎታለሁ።»

«የለም!» አለች ሴትዮዋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ነቅቶ። «የተንከባለሉትን ነው የምፈልገው። እነሱ ይምጡና፣ ስለ አርባው ክፍል እንነጋገራለን።»

ወይዘሮ ካርቶን እዚያው ባንኮኒው ላይ እንደገና ማሸግ ጀመረች። ዛሬ ግን ብቻዋን አላሸገችም። ማንም ሳይጠይቃት እያንዳንዱን ኩባያ ለሾፌሩ እየሰጠች፣ ጠርዙን በጣታቸው አስነክታ፣ እሳቸው «ደህና» ሲሉ እየተቀበለች ጠቀለለች። ሃያ አራት ጊዜ «ደህና» አሉ። አድራሻውን እሳቸው ለጠፉት። ካርቶኑን ጆሮዋ ሥር ናጠችው፤ ዝም አለ። ለእሳቸውም ሰጠቻቸው። ንጠው አዳመጡና መኪናው ድረስ ተሸክመው ወስደው፣ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጠው ቀበቶውን ሳቡ።

«ጋሼ፣ ቀበቶ እንኳ አያስፈልገውም» አለች ፈገግ ብላ። «ከኋላ ቢጥሉትም አይሰበር።»

«ባለፈውም አላስፈለገውም ነበር» አሉ ሾፌሩ። «ግን ሲጠይቁኝ፣ አስሬዋለሁ ለማለት አበቃኝ።»

ወይዘሮ ካርቶን ጎንበስ ብላ ቀበቶውን ካርቶኑ ላይ አስተካከለችና ራሷ ቆለፈችው።